ያልተረገጠ አፈር

መጀመሪያ የታየችው የፕሮፌሰሩ እጅ ናት። ከጉድጓዱ ጥቁር አፈር ብቅ ብላ፣ መዳፏን ወደ ላይ ገልብጣ፣ አንድ ነገር አቀብሉኝ የምትል ትመስላለች። ፊታቸውን ምክትላቸው አፈሩን በጣቱ ጠርጎ ገልጦታል። የቀረው ገላቸው እንደተቀበረ ነው።

መርማሪዋ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ «ነፍስ ይማር» አለች። ፖሊስ ጣቢያ ያሉት ባልደረቦቿ «እትዬ ቀስ» ነው የሚሏት። ፊት ለፊት አይሏትም እንጂ እሷም ታውቃለች። ሰው ገና አፉን ሲከፍት «ቀስ እንበል» ስለምትል የወጣላት ስም ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ሦስት ልጆች ለብቻዋ አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ አብቅታለች።

«በከንቱ ለፋሽ» አላት ሳጅኑ ቀበቶውን ወደ ላይ እየሳበ። «ገዳዩ ተይዟል። ቆፋሪው ነው፣ መኪና ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ከተማ ይዤው እወርዳለሁ። አዛዡ ወረቀቱን አዘጋጅቶ እየጠበቀ ነው።»

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«ስምንት ተኩል።»

«እንግዲያው ሦስት ሰዓት ተኩል አለን። ቀስ እንበል።»

ቦታው የአፈር ምርምር ጣቢያ ነው። ወንዙ ከዘመን ዘመን ወደ ታች እየቆረጠ ሲወርድ፣ ጥሎት የሄደው መሬት እንደ ሦስት ትልልቅ ደረጃ ሆኖ ቀርቷል። ወንዙ ዳር ያለው ደረጃ አፈሩ ገና ለጋ ነው፤ ሠራተኞቹ «ልጁ» ይሉታል። መሃለኛው «ጎልማሳው» ነው፣ ዛፎቹ ሰማይ ጠቀስ ናቸው። ከላይ ያለው፣ ወንዙ ጥሎት ከሄደ ብዙ ሺህ ዓመት የሆነው፣ «ሽማግሌው» ነው። ፕሮፌሰሩ የሞቱት እዚህ ነው። ዛፎቹ ከሰው ቁመት ብዙም አይበልጡም፣ ተጣመዋል፣ ሽበት የመሰለ ነገር ከቅርንጫፋቸው ተንጠልጥሏል። ወፍ የለም። ደመናው ዝቅ ብሎ መጥቶ ጫካው ላይ ተቀምጧል።

«እኔ ተንዶባቸው ነው ብዬ ነበር» አለ ምክትሉ። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ ሰው ነው። «ምሳ ሰዓት ላይ ሳጣቸው መጣሁ። የጉድጓዱ ጠርዝ እንደምታዪው ተንዷል። ጭንቅላታቸው አጠገብ ደም የነካው ድንጋይ ነበር። ግድግዳው ሲናድ ድንጋዩ መታቸው አልኩ።»

«ታዲያ ምን ተገኘ?»

ሳጅኑ ሳቀ። «ራሱ ቆፋሪው ነዋ ያበላሸው። ‹በዚህ አፈር ውስጥ ድንጋይ የለም፣ ሰው ነው ያመጣው› አለኝ። በገዛ አፉ። ሰኞ ዕለት ከሟቹ ጋር ተጨቃጭቋል። አካፋ ደግሞ ሥራው ነው። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«መሰላል» አለች።

ጉልበቷን እያባበለች ወረደች። አፈሩ ወለሉን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖ እስከ ጉልበት ደርሷል። ሳጅኑ አንዱን ጎን በአካፋ ቀጥ አድርጎ እንዲቆርጥላት አደረገችና ጎንበስ ብላ አየች። ከታች፣ ገላቸው ላይ፣ ቀይ አፈር ነው። ከዚያ በላይ አመድ የመሰለ ነጭ። ከነጩ በላይ ጥቁር። ከሁሉ በላይ የረገፈ ቅጠል ከነተያያዘው ሥር፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ተነጥፏል።

የልጆቿን አልጋ አሰበች። ትልቋ አንሶላውን፣ ብርድ ልብሱን፣ አልጋ ልብሱን አንድ በአንድ አስተካክላ ነበር የምታነጥፈው፤ ትንሹ ሁሉንም ጠቅልሎ ወርውሮ ይወጣ ነበር። በር ላይ ቆማ ማን እንዳነጠፈው ትለይ ነበር።

አውራ ጣቷን አፈሩ ላይ ተጫነች። እስከ አንጓዋ ገባ። ወደ ጉድጓዱ ሌላኛው ጫፍ፣ ገላቸው ወደሌለበት፣ ሄዳ እዚያም ሞከረች። እዚያም ገባ። ግድግዳው ላይ፣ በደረቷ ልክ፣ እንደ ደብዳቤ ሳጥን አፍ የቀጠኑ ሦስት ስንጥቆች አሉ። ባዶ ናቸው።

ከወጣች በኋላ ጉድጓዱ ዳር የተነጠፉትን ሦስት ሸራዎች ዞረች። አንዱ ላይ ቀይ አፈር ተከምሯል፣ አንዱ ላይ ነጭ፣ አንዱ ላይ ጥቁር፤ ከሦስቱም ተዝቋል። ነፋስ እንዳይገልጣቸው በየማዕዘናቸው ድንጋይ ተጭኗል። ድንጋዮቹን ቆጠረች። አሥራ አንድ ናቸው።

ወደ መኪናው ስታመራ ሁለት ቦታ ላይ፣ ድሮ ተቆፍሮ የተሞላ ጉድጓድ ላይ ቆማ በተረከዟ መታች። እንደ መንገድ ጠንክሯል።

ቆፋሪው ካቴና እንደታሰሩ መኪናው ውስጥ ተቀምጠዋል። ስድሳ አራት ዓመታቸው ነው፣ ሁሉም ሰው «ጋሽ ዶማ» ይላቸዋል።

«ጋሽ ዶማ፣ ድንጋይ የለም ያሉት ለምንድን ነው?»

«ስለሌለ ነዋ።»

«አለ ቢሉ ኖሮ እኮ አሁን ቤትዎ ነበሩ።»

ጋሽ ዶማ ግራ ገባቸው። «እህቴ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆፍሬዋለሁ። ታች ወንዝ ዳር ያለው ድንጋይ ብቻ ነው፣ ዶማዬን ስንቴ አጥፎብኛል። እዚህ ላይ ግን ዝናቡና ዘመኑ ድንጋዩን በልተው ጨርሰውታል። በቢላ ይቆረጣል። የሸራው ድንጋይ እንኳ ከወንዝ ዳር በጀርባዬ ያመጣሁት ነው፣ አሥራ ሁለት ድንጋይ። እንዴት ብዬ ድንጋይ ወደቀ ልበል?»

«እሺ፣ ጉድጓድ ሲሞላ እንዴት ነው የሚሞላው?»

«እንደወጣ ይመለሳል። የፕሮፌሰር ሕግ ነው። ቀዩ መጀመሪያ፣ ነጩ ቀጥሎ፣ ጥቁሩ ከላይ። ላይ የሚኖሩት ጥቃቅን ነፍሳት ታች ከገቡ ያልቃሉ አሉ። እኔ አይቻቸው አላውቅም፤ እሳቸው አሉ ካሉ አሉ ነው።»

«ከዚያስ?»

«እረግጠዋለኋ። አንዱን ንብርብር ባስገባሁ ቁጥር እየዞርኩ እረግጣለሁ፣ አለዚያ በዝናብ ይሰምጣል። ፕሮፌሰር ‹አንተ ሰውዬ፣ ሰርግ ቤት መሰለህ ወይ› እያሉ ይስቁብኝ ነበር።» ፈገግ ሊሉ ሲሉ ትዝ አላቸውና አንገታቸውን ደፉ።

«ግድግዳው ላይ ያሉት ስንጥቆችስ?»

«እሱ የላቦራቶሪዋ ሴትዮ ሥራ ነው። ጨርቅ ትቀብርበታለች። እኔ አልነካም፣ ትቆጣለች። ትናንት ማታ ስሄድ ቀይ ክራቸው ተንጠልጥሎ ነበር።»

«ትናንት ማታ ነበሩ?»

«ሦስቱም። ዛሬ ወጥተው ጉድጓዱ ሊዘጋ ነበር። ወር አልፎታል ከተቆፈረ።»

«ዛሬ ጠዋት እርስዎ የት ነበሩ?»

«ወንዝ ዳር፣ መሣሪያ ሳጥብ።»

«ማን አየዎት?»

«ወንዙ።»

«ሰኞስ ምን ተባባላችሁ?»

«ጡረታ ውጣ፣ ቤቱንም ልቀቅ አሉኝ። ጮህኩባቸው። ማክሰኞ መጥተው ‹ተሳስቻለሁ፣ ለቤቱ እኔ እለምንልሃለሁ› አሉኝ። ማን ይመሰክርልኛል አሁን?» ካቴናውን ወደ እሷ ከፍ አደረጉት። «እህቴ፣ ሚስቴ ዓይኗ አያይም። መድኃኒቷ አራት ዓይነት ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እየለየሁ የምሰጣት እኔ ነኝ። ከተሳሳተች ልቧ ቀጥ ይላል። ሌላ ሰው የላትም።»

መርማሪዋ ምንም ቃል አልሰጠቻቸውም። ቃል መስጠት ትፈራለች። በልቧ ግን «አንተ ታውቃለህ» አለች፣ ለማን እንደምትል ለራሷ ግልጽ ነበር።

ላቦራቶሪው ረጅም ክፍል ነው፣ ሙቀት አለው፣ ዝናብ ያገኘ መሬት ይሸታል። መደርደሪያው ላይ የመስታወት ብልቃጦች ተደርድረዋል፣ በእያንዳንዱ ውስጥ እፍኝ አፈር። የላቦራቶሪዋ ሴት ነጭ ጋውን ለብሳ አንዱን ብልቃጥ እያነበበች ደብተር ላይ ትጽፋለች። ወደ ሃምሳ እየተጠጋች ነው። እጆቿ በመታጠብ ብዛት ተሰነጣጥቀዋል።

«እግዜር ያጥናሽ» አለቻት መርማሪዋ። «ምን እያነበብሽ ነው?»

«ትንፋሻቸውን። አፈር ይተነፍሳል እኮ። ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች ናቸው የሚተነፍሱት። እኔ ሠራተኞቹ ነው የምላቸው። ደሞዝ የማይጠይቁ፣ ዓመት ፈቃድ የማይወጡ።»

«በሦስቱም ደረጃ አንድ ዓይነት ናቸው?»

ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሰው እንዲጠይቃት ስትጠብቅ የኖረች ትመስላለች። «የት አንድ ይሆናሉ። ልጁ ድንጋይ ስለሞላው ፎስፈረስ ተርፎታል፤ ናይትሮጅን ነው የሌለው። እዚያ ያሉት ሠራተኞች ናይትሮጅንን ከአየር ይዘው ያስገባሉ። ጎልማሳው ሁለቱም ሞልቶለታል፣ ለዚህ ነው ዛፉ የሚረዝመው። ሽማግሌው ደግሞ ድንጋዩ አልቋል፣ ፎስፈረሱን ዝናብ አጥቦታል፣ የቀረውን የአፈሩ ብረት ጨብጦ አይለቅም። ዛፉ የሚያጥረው ለዚያ ነው። ሰው ሲያየው እየሞተ ነው ይላል።»

«አይደለም?»

«አይደለም። እዚያ ያሉት ፈንገሶች ክራቸውን ዘርግተው፣ ከረገፈው ቅጠል ላይ ያቺኑ ጥቂት ፎስፈረስ ለቅመው ለሥሩ ያቀብላሉ። አንዲት ፍርፋሪ አትባክንም። ከጎልማሳው ይልቅ ተያይዘው የሚኖሩት እነሱ ናቸው። እኔ ሃያ ዓመት ጽፌዋለሁ፤ ማን ያነባል?»

ግድግዳው ላይ በፍሬም የተሰቀሉ ሦስት የጥጥ ጨርቅ ቁራጮች አሉ። የመጀመሪያው ግማሹ ተበልቶ ግራጫ ሆኗል። ሁለተኛው እንደ ዳንቴል ተበሳስቶ ክሩ ብቻ ቀርቷል። ሦስተኛው ሙሉ ነው፣ ዝገት የመሰለ ቢጫ ነጠብጣብ ብቻ አለበት።

«እነዚህስ?»

«ፕሮፌሰር ናቸው የሰጡኝ፣ ሃያኛ ዓመቴን ስሞላ። ጨርቅ እንቀብራለን፣ በሠላሳ አምስተኛው ቀን እናወጣለን፣ ሠራተኞቹ ምን ያህል እንደበሉት ይታያል። የልጁ፣ የጎልማሳው፣ የሽማግሌው። ሽማግሌው በቀስታ ነው የሚበላው።» ወደ ብልቃጦቹ ዞር አለች።

መርማሪዋ ወደ ኋላ በር ሄደች። ጓሮው ላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ገመድ ላይ ስድስት ጨርቆች በመቆንጠጫ ተሰቅለዋል። ቀይ ክር አላቸው። የታጠበ ልብስ መድረቁን እንደምታይ እናት በጣቷ እየነካካች አለፈች። ሦስቱ ደርቀዋል። ሦስቱ እርጥብ ናቸው።

«እነዚህ መቼ የወጡ ናቸው?»

«ትናንት። ስድስቱም የልጁ ናቸው። የጎልማሳው ቀኑ ነገ ነው።»

«ዛሬ ከዚህ ወጥተሽ ነበር?»

«የት እወጣለሁ? ብልቃጦቹ በየሰዓቱ ይነበባሉ።»

«ሥራሽን ያዢ» አለቻትና ወጣች።

የፕሮፌሰሩ ባለቤት ጣቢያው ግቢ ውስጥ ባለው ቤት፣ የባላቸውን መነጽር ጭናቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል። አላለቀሱም፤ ሐዘኑ ገና አልደረሰባቸውም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ። ጠዋት ሲወጡ ምን አሉ?»

«አንድ ወረቀት ነበር። ላይኛውን ጫካ ቆርጠው ሌላ ነገር ሊሠሩበት የመጡ ሰዎች አሉ። ‹ይህ ጫካ አርጅቷል፣ ሊሞት ነው› ብሎ እንዲፈርምላቸው ይፈልጋሉ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለውም።»

«እሳቸው ያምኑበት ነበር? ሊሞት ነው ብለው?»

ሴትዮዋ መነጽሩን አገላበጡት። «ከታመመ ወዲህ ያንን ጫካ ሲያይ ራሱን የሚያይ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ‹ከሌላ ሰው ከሚሰሙት እኔው ልንገራቸው› ብሎ ወጣ። ማንን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ምነው በጠየቅሁት።» ድምጻቸውን ዝቅ አደረጉ። «ምክትሉን እዩት። ያ ልጅ ወንበሩን ሲመኝ ስንት ዓመቱ።»

ምክትሉን አየችው። መኪናውን ከፍታ የእግር መርገጫውን አየች። አመድ የመሰለ ነጭ አፈር ተጋግሮበታል።

«ዶክተር፣ ከዛሬ በፊት ሽማግሌው ጋ የወጡት መቼ ነው?»

«ወር ሆኖኛል።»

«ይህ ነጭ አፈር ግን ከሌላ ቦታ አይገኝም። ዛሬም አይደለም የተጋገረው፣ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።»

ፊቱ ቀላ። «እሁድ ነው የወጣሁት። ሊቆርጡት ለመጡት ሰዎች ጫካውን ላሳይ። ፕሮፌሰር ሳያውቁ… እሱ ነው ያስፈራኝ። ዛሬ ጠዋት ግን ከሁለት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ከተማ ነበርኩ፣ ከእነሱ ጋር። ወረቀት ላደርስ።»

«ምን ወረቀት?»

ነገራት። መርማሪዋ ሳጅኑን ወደ ከተማ አስደውላ ሰዓቱን አረጋገጠች። ከዚያ ሰማዩን አየች። የመጀመሪያው ጠብታ እጇ ላይ ወደቀ።

«ሁሉንም ላቦራቶሪ ሰብስብልኝ» አለችው። «ጋሽ ዶማንም።»

አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ አምስቱ ሰዎች ብልቃጦቹ መሃል ተቀመጡ፦ የፕሮፌሰሩ ባለቤት፣ ምክትሉ፣ የላቦራቶሪዋ ሴት፣ ካቴና የታሰሩት ጋሽ ዶማ፣ በር ላይ ሳጅኑ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። መብራቱ ሁለት ጊዜ ጠፍቶ መጣ።

«ከጋሽ ዶማ ልጀምር» አለች መርማሪዋ። «ሰው ገድሎ የሚዋሽ ብዙ አይቻለሁ። መዳኛው እግሩ ሥር ተቀምጦለት በእግሩ ገፍቶ የሚጥል ነፍሰ ገዳይ ግን አላየሁም። ዶክተር ‹ተንዶባቸው ነው› ብለው ነበር። ጋሽ ዶማ አንድ ቃል ባይናገሩ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እሳቸው ናቸው ድንጋይ የለም ብለው ግድያ መሆኑን የነገሩን።»

«ጅልነት ነዋ» አለ ሳጅኑ።

«ቀስ እንበል። ድንጋዩ ከሸራው ማዕዘን የተነሳ ነው። አሥራ ሁለት መሆን ነበረበት፣ አሥራ አንድ ቀርቷል። እንግዲህ ገዳዩ አስቦበት አልመጣም፤ ተናዶ እጁ ያገኘውን አነሳ። ሲደነግጥ ጠርዙን በአካፋ ናደው፣ አደጋ እንዲመስል። የተናደው ግን ጥግ ላይ ቀረ እንጂ ሰው አልሸፈነም፤ ስለዚህ ከሸራዎቹ ዘቀ። እዚህ ላይ ነው እጁ የከዳው። የሚሸሽ ሰው ቅርቡ ካለው ክምር ነው የሚዝቀው። ይህ ሰው ግን መጀመሪያ ቀዩን፣ ከዚያ ነጩን፣ ከዚያ ጥቁሩን መለሰ። ቅጠሉን እንኳ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ አነጠፈው። የገደለውን ሰው ሕግ እያከበረ ነው የቀበረው።»

ባለቤታቸው መነጽሩን ጨበጡት።

«ያው፣ ቆፋሪው» አለ ሳጅኑ።

«ጋሽ ዶማ ይረግጣሉ። የሞሏቸውን ጉድጓዶች በተረከዜ መትቼ አይቻለሁ። ይሄኛው አውራ ጣቴን ዋጠው።»

«ሬሳ ላይ ማን ይራመዳል?»

«ጥሩ ጠየቅህ። የጉድጓዱ ግማሽ ሰው የለበትም፣ እዚያም አልተረገጠም። ሕጉን ከደብተር የሚያውቅ፣ ሥራውን ግን በእግሩ የማያውቅ ሰው ነው የሞላው። ዶክተርም ሕጉን ያውቃሉ። ዋሽተውኛልም። የዋሹት ግን ለእሁዱ ነው፣ ዛሬ ጠዋት ከተማ እንደነበሩ ተረጋግጧል። እትዬ ደግሞ…» ወደ ባለቤታቸው ዞረች፣ «እርስዎ ሕጉን ሰምተውት ይሆናል። የሚቀጥለው ነገር ግን እርስዎን አይመለከትም።»

ተነስታ ግድግዳው ላይ ያሉትን ሦስት ፍሬሞች አንድ በአንድ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ከጓሮው ገመድ ያወረደቻቸውን፣ በወረቀት የተጠቀለሉ ሦስት ጨርቆች ከኪሷ አውጥታ ከጎናቸው ዘረጋች። ሙሉ ናቸው። ዝገት የመሰለ ቢጫ ነጠብጣብ አላቸው። ከሦስተኛው ፍሬም ጋር እንደ መንትያ ይመሳሰላሉ።

«ገመድ ላይ ስድስት ነበሩ» አለች። «ሦስቱ ደረቅ፣ ግማሻቸው የተበላ፣ ግራጫ። እነሱ እውነትም የልጁ ናቸው፣ ትናንት የወጡ። እነዚህ ሦስቱ ግን እርጥብ ናቸው፣ ሙሉ ናቸው። ጋሽ ዶማ፣ ትናንት ማታ የሽማግሌው ጨርቆች የት ነበሩ?»

«ግድግዳው ውስጥ። ክራቸውን አይቻለሁ።»

«ዛሬ ስንጥቆቹ ባዶ ናቸው። እንግዲህ ዛሬ ጉድጓዱ ውስጥ የገባ ሰው አውጥቷቸዋል፣ አጥቧቸዋል፣ አስጥቷቸዋል። ከዚህ ቤት እነዚህን የሚነካ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ላቦራቶሪዋ ሴት ዞሩ። እሷ ጨርቆቹን ነው የምታየው። አንዱን በጣቷ አስተካከለችው፣ ጫፉ ተጣጥፎ ነበር።

«ሠላሳ አምስተኛው ቀን ነበር» አለች። «አንድ ቀን ካለፈ ዋጋ የለውም። ሃያ ዓመት አንድ ቀን አሳልፌ አላውቅም።»

«ጨርቁን ልታወጪ ሄድሽ፤ ፕሮፌሰር መጡ።»

«መጥተው ጉድጓዱ ውስጥ ወረዱ። ግድግዳውን መታ መታ እያደረጉ ‹ይህ እኮ ሬሳ ነው› አሉኝ። ‹እኔና አንቺ ሬሳ ስናስታምም ኖርን፤ ይቆረጥ ብዬ ልፈርም ነው።› ደብተሮቼን ያዩ አንድ ሰው እሳቸው ናቸው። እሳቸው ሬሳ ካሉት ሃያ ዓመት ምን ስጽፍ ኖርኩ? ጎንበስ አሉ። ድንጋዩ እጄ ላይ ነበር። መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም።» ጋውኗን በመዳፏ አስተካከለች፣ እንደገና አስተካከለች። «ሳይፈርሙ ብዬ ነው።»

መርማሪዋ ይህን ባትናገር ትወድ ነበር። «እህቴ፣ ማክሰኞ ፈርመዋል። ዶክተር ዛሬ ጠዋት ከተማ ይዘውት የወረዱት እሱን ነው። ሊነግሩሽ ድፍረት ስላጡ ነው ‹ልፈርም› ያሉሽ።»

ባለቤታቸው ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመሩት፤ በዝግታ፣ መነጽሩን አፋቸው ላይ አድርገው።

«ለጫካው ነው ትያለሽ» አለች መርማሪዋ። ድምጿ አልተቆጣም፣ ደክሟል። «እሺ። ጋሽ ዶማስ? ካቴና ሲታሰሩ በዚያ መስኮት አይተሻል። ሚስታቸውን ታውቂያታለሽ። አሥራ ሁለት ሰዓትን ታውቂዋለሽ። አፈሩን በየቦታው መልሰሽ፣ ጨርቁን አጥበሽ አስጥተሽ፣ ብልቃጥ ስታነቢ አገኘሁሽ።»

የላቦራቶሪዋ ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ጋሽ ዶማን ቀና ብላ አየቻቸው፤ ወዲያው ዓይኗን ሰበረች። ሳጅኑ ካቴናውን ሲፈታላቸው አንጓቸውን እንኳ አላሹትም፣ የግድግዳውን ሰዓት አይተው በዝናቡ ውስጥ ወጡ። አሥራ ሁለት ሊሆን አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል።

የላቦራቶሪዋ ሴት መኪና ስትገባ ወደ መርማሪዋ ዞረች። «ነገ የጎልማሳው ቀን ነው። አንድ ሰው ያውጣው። ደብተሮቹንም… አንብቢያቸው።»

«አነባቸዋለሁ» አለች መርማሪዋ፣ አነበበቻቸውም። ግማሹ አልገባትም። የገባት ግማሽ እውነት መሰላት። ግን ሰው የገደለች ሴት የጻፈችውን ይዞ ላይኛውን ጫካ ላድን የሚል አንድ ሰው አላገኘችም። ከወር በኋላ መጋዙ ወደ ሽማግሌው ወጣ።

ጉድጓዱን ጋሽ ዶማ ናቸው የሞሉት፣ ቀዩን፣ ነጩን፣ ጥቁሩን። ጫማቸውን አውልቀው፣ ቀስ እያሉ፣ አንዱንም ንብርብር ሳይዘሉ ረገጡት።

የጎልማሳውን ጨርቅ በቀኑ ያወጣው ሰው አልነበረም። ያን ሳምንት ሁሉም ለቅሶ ላይ ነበር። ጋሽ ዶማ ከብዙ ጊዜ በኋላ ትዝ ብሏቸው ወርደው ስንጥቁን በጣታቸው ፈተሹት። ጨርቅ የሚባል ነገር የለም። ሠራተኞቹ ማንም የነገራቸው ስለሌለ ሥራቸውን ቀጥለው፣ ጨርቁን ጨርሰው፣ ቀዩን ክር ጀምረውታል።